ሲኞር ወልዴና የሚያፈስ ሞተር

ሲኞር ወልዴ ማረፉን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ጅማ ካለ ዘመዴ ጋር ስለ ሌላ ጉዳይ በስልክ ስናወራ ቆይተን ልንሰናበት ስንል፣ «ለካ ያ ጣሊያኑ መካኒክ ሞተ» አለኝ። ጣሊያኑ! ሰውየው ከእኔ ይልቅ ጠየም ያለ፣ ሲናደድ የሸዋ አነጋገሩ የሚያመልጠው ሐበሻ ነበር። ዘመዴ እንደነገረኝ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ቄሶቹ ተቸግረው ነበር። ሲኞር ብለው እንዳይጸልዩለት ፈሩ፤ ሌላ ስም ደግሞ ማንም አልያዘም።

እኔ እዚያ ብኖር እነግራቸው ነበር። የክርስትና ስሙን አንድ ቀን ነግሮኛል። በዚያው ቀን ሌላም ብዙ ነገር ነግሮኛል።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው። እኔ የግራዝማች ደምሴ ጸሐፊ ነበርኩ። ግራዝማች ሊሙ ገነት በኩል የቡና መሬት፣ ጅማ ከተማ ትልቅ ቤት፣ አስካለ የምትባል አንዲት ልጅ፣ እንዲሁም ጎኑ ላይ የሰው መቀመጫ ጋሪ የተቀጠለበት አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነበሯቸው። ከአራቱ በየትኛው ይበልጥ እንደሚኮሩ መለየት ይቸግር ነበር። እኔን የቀጠሩኝ ጽሕፈቴን ወደውልኝ ነው፤ ሞተር መንዳት እንደሚጨመርበት የሰማሁት በሁለተኛው ቀን ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ነጭ ተፈሪ ሱሪያቸውን ለብሰው ጋሪው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መንገደኛው ሁሉ እጅ ይነሳል። ለእሳቸው ነው እጅ የሚነሳው፤ እኔን ከሞተሩ አካል የሚለየኝ አልነበረም።

ሞተሩ ሲታመም የምንወስደው ጊንጆ ሰፈር፣ ሲኞር ወልዴ ዘንድ ነው። ወርክሾፑ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አንድ የሚቆለፍ ሣጥን ነበር። ሰውየው ግን ሌላ ነው። ሰማያዊ ቱታው ዘወትር የታጠበ፣ መፍቻዎቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደረደሩ። ደንበኛው አፉን ገና ሲከፍት እጁን ያነሳና፣ «ፒያኖ! ቀስ! በሽታውን ሞተሩ ይንገረኝ፤ አንተ ተቀመጥ» ይላል። ከዚያ አንድ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋና ዓይኑን ይጨፍናል። ጨፍኖ የሚቆይበት ጊዜ እንደ ደንበኛው ማዕረግ ይለያይ እንደነበር ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ለግራዝማች ረዘም ያደርገው ነበር።

የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማረው አስመራ የነበረ ማስትሮ ጁሴፔ የሚባል ጣሊያን እንደሆነ ይናገራል። ያለ ማስትሮ ጁሴፔ አንዲት ቡሎን አይፈታም። «ማስትሮዬ፣ የቸኮልክበትን ነገር ሁለተኛ ትሠራዋለህ ይለኝ ነበር።» «ማስትሮዬ ዕቃ ሲይዝ መጀመሪያ በጣቱ ይደባብሰዋል፣ ከዚያ ነው መሣሪያ የሚያነሳ።» የጅማ ሰው ማስትሮ ጁሴፔን ከማወቁ የተነሳ ጤንነቱን ይጠይቅ ነበር። «እንዴት ናቸው ማስትሮው?» ሲሉት፣ «አርጅቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል» ይላል፤ በጣም አዝኖ።

አንድ ቀን የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው አንድ እውነተኛ ጣሊያን መጣ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሰውየው በደስታ በራሱ ቋንቋ እንደ ጅረት ይወርድ ጀመር። ሲኞር ወልዴ ምንም ሳይደነግጥ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና፣ «ሲሌንሲዮ!» አለው፤ ከዚያ ጆሮውን የጭነት መኪናው ሞተር ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። መኪናው ሲሠራለት እየደጋገመ «ማስትሮ፣ ማስትሮ» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሲኞር ወልዴን ጣሊያንነት የሚጠራጠር ሰው ጅማ ውስጥ አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ለኑሮው ያህል በቂ ነበር። ነገሩን ያከበደው የአስካለ የስፌት መኪና ነው። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ተበላሸ። ሦስተኛውን ጊዜ ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ ምንም አልነበረውም። አስካለ መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ እየተከተለች «ቀስ በል ጋሽ ተስፋዬ፣ ይሰበራል» ትለኛለች። ሲኞር ወልዴ መኪናውን እንዳየው ጆሮውን ሳያስጠጋ፣ ዓይኑንም ሳይጨፍን፣ «ይሄ ሳምንት ይፈጃል» አለ።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ ላከ። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው፣ «ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሙያ አለው፤ አይጠጣም። ነገር ግን ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም» አሉ። የዘመኑ ወግ ነው፤ ማንም አልተቀየማቸውም። ከዚያ እኔን አስጠርተው አስመራ ለሚኖር አንድ ወዳጃቸው ደብዳቤ አስጻፉኝ። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። «አስመራ ውስጥ ወልዴ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ የማውቃቸው ሁሉ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይላል። ግራዝማች መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ደስም አላቸው። «ከጥር በፊት ቃሌን እሰጣለሁ» ብለው ላኩበት። ሲኞር ወልዴ ያን ሰሞን ቱታውን በየቀኑ ያጥብ ጀመር።

ሞተሩ ማፍሰስ የጀመረው ይኼኔ ነው። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለት ቱቦ እግሮች ውስጣቸው የብረት ሞላና ዘይት አለ፤ መንገዱ ሲያነጥረን የሚችሉልን እነሱ ናቸው። ዘይቱ እንዳይወጣ ደግሞ አፋቸው ላይ የሚያንቅ የጎማ ቀለበት አለ፤ ሲኞር ወልዴ ፓራኦሊዮ ይለዋል። የእኛው ፓራኦሊዮ አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ኖሮ፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዘይቱ በእግሮቹ ላይ እየተንቆረቆረ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል። የቀረውን ነፋስ ያነሳና የግራዝማች ሱሪ ላይ ያሳርፈዋል። አንድ የገበያ ቀን ሰርቦ መግቢያ ላይ ፍሬን ብይዝ እምቢ አለኝ፤ እየተንሸራተትን ሄደን እንስራ ሻጮች መካከል ገባን። ሰው አልተጎዳም። አንዲት ሴትዮ ተሰብሮ የተቆለለውን እንስራዋን እያየች፣ «ያ ነማ! ማል ጎታ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ምን እያደረግህ ነው ማለቷ ነው። ግራዝማች ከጋሪው ሳይወርዱ ካሷት፤ ከዚያ ሱሪያቸውን አዩ። ዘይቱ ከጉልበታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወርዶ ነበር።

«ሐሙስ ሊሙ ገነት ላይ አውራጃ ገዢው የመሬት ባለቤቶችን ሰብስቧል። በዚህ ሱሪ ነው የምቀርበው?» አሉኝ።

«ይቀየራል፣ ግራዝማች።»

«ሱሪው መቀየሩንማ እኔም አውቃለሁ! ሞተሩ ነው። ዛሬውኑ ሲኞር ዘንድ አድርሰው።»

ሲኞር ወልዴ ሞተሩን ሣጥን ላይ ደግፎ የፊት ጎማውን አወጣ፤ ከእግሮቹ ግርጌ ያሉትን ቡሎኖች ፈትቶ ጥቁር ዘይት ጣሳ ውስጥ አንጠባጠበ። ቱቦዎቹን ሲመዛቸው ቀለበቶቹ በጣቱ መካከል እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈሩ። አዲስ አበባ ወዳለ ዕቃ ሻጭ በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ተላከ። ማክሰኞ የመጣው ቀለበት ሰፋ። በስልክ አስነግሮ ረቡዕ ያስመጣው ደግሞ ጠበበ። «የመጀመሪያው ለዝሆን፣ ሁለተኛው ለፍየል» አለ ሲኞር ወልዴ። መቀለዱ ነበር፤ ፊቱ ግን አልቀለደም። «ለነገ መድረስ አለበት» አልኩት። አውቶቡስ ከእንግዲህ ዓርብ ነው የሚመጣ። ቱቦውን በጣቱ ደባበሰ። ቆይቶ፣ «ከሰዓት በኋላ ና። በሩን ብዘጋው እንዳታንኳኳ» አለኝ።

እኔ ግን መጠበቅ አልሆነልኝም። ሰዓት ሳይሞላ ብሄድ በሩ ተዘግቷል። አጠገቡ ቆዳ የሚነግዱት አባ ራያ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም፣ ጸሐፊው! ሲኞርን ነው? ጓሮ ነው ያለው። በእኔ ግቢ እለፍ፣ ራኮ ሂንቀቡ» አሉኝ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው።

አልፌ ገባሁ። ሲኞር ወልዴ ቱታውን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ የበሬ ቆዳ ቁራጭ በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይዞ በስለት ይፍቃል። ስለቱ ሲሄድ አላየውም፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር፣ እጁ ነበር የሚሠራው። ፍቆ፣ ፍቆ፣ ጠርዙን ጥርሱ መካከል አድርጎ ውፍረቱን ይለካል፤ መልሶ ይፍቃል። በሞቀ ሞራ ይነክረዋል፣ በመዳፉ ያሸዋል፣ ከእንጨት በቀረጸው ቅርጽ ላይ ይጫነዋል። እኔ ሸዋ ነው ያደግኩት። ይህን አቀማመጥ፣ ይህን የእግር ጣት፣ ይህን የጥርስ ልኬት አውቀዋለሁ። እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች ከመንደራችን ጠርዝ ወዲያ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እናቶቻችን ሲያልፉ ካዩአቸው የሚበላውን ነገር በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ ቡዳ ናቸው ይሉናል።

ቀና ሲል አየኝ። ስለቱን አስቀመጠ።

«አየህ?» አለ።

«አየሁ።»

«ምን አየህ?»

«ፓራኦሊዮ ሲሠራ።»

ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ። ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ስለቱን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ፤ እየሠራም አወራኝ። አስመራን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ደሴን አልፎ አልሄደም። እዚያ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ወለል ጠርጓል፤ ጣሊያንኛውን የለቀመው ሲሰደብ ነው። ማስትሮ ጁሴፔ የሚባል ሰው ተወልዶም አያውቅ።

«እና ያ ሁሉ ማስትሮዬ እንዲህ አለኝ የምትለው?»

«አባቴ ናቸው» አለኝ። «ቸኮልክ የሚሉኝ እሳቸው። መጀመሪያ በጣትህ ደባብሰው የሚሉኝ እሳቸው። የበሬ ቆዳ ከጀርባው በኩል ነው የሚወሰድ፣ የሆዱ ይለጠጣል ያሉኝም እሳቸው። የመንደሩ ሰዎች የእሳቸውን ኮርቻ ይቀመጡበታል። አባቴ በሠሩት ጠፍር አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ። አብረዋቸው እንጀራ ግን አይቆርሱም። ብረት በእሳት ብትቀጠቅጥ ቀጥቃጭ ነህ፤ ብረት በመፍቻ ብትፈታ ሲኞር ነህ። እኔ ደግሞ ሞኝ አልነበርኩም።»

የክርስትና ስሙን የነገረኝም ያኔ ነው፤ አባቱ በዚያ ስም ብቻ ይጠሩት ነበር። ለማንም አልናገርም አልኩት። ማል አላለኝም።

ሳይመሽ ቀለበቶቹ ቦታቸውን ያዙ። ቱቦዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ አዲስ ዘይት በሻይ ብርጭቆ እየለካ ሞላባቸው። ሐሙስ በጠዋት ወጣን። የሊሙን መንገድ የሚያውቅ ሰው ድንጋዩን ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲነጥር ሲነጥር ዋለ፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ፍሬኑ ይይዛል። ግራዝማች አውራጃ ገዢው ፊት የቀረቡት እንደ ወተት በነጣ ሱሪ ነው። በቅሎ ጭነው የመጡት ባለመሬቶች ጭቃቸውን እያራገፉ ያዩአቸው ነበር። ሲመለሱ ጋሪው ውስጥ ሆነው ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው።

በማግስቱ ራሳቸው ጊንጆ ወረዱ። መካኒክ ቤት ገብተው አያውቁም ነበር፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚጠብቁት። ሲኞር ወልዴ ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

«ምንድን ነው ያስገባህበት? ጎማ ነው?»

«ቆዳ ነው፣ ግራዝማች።»

«ቆዳ! ይኸውልህ፤ ፈረንጅ የነካው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። ማስትሮህ እጁ ይባረክ። የኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ብልሃት መቼ ይወጣዋል? እኛ የምናውቀው ፋቂ ኮርቻ ሲሠራ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የያዝነውን ጉዳይ እሑድ እንጨርሰዋለን። ሽማግሌዎቹን ላካቸው» አሉት።

እኔ ደስ ብሎኝ ሲኞር ወልዴን አየሁት። ራሱን አንዴ ቢነቀንቅ በቂ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ሲነቀንቀው የኖረ ራስ ነው። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ንጹሕ እጁን፤ ጠርጎ ጠርጎ ጨርቁን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማስትሮ ጁሴፔ የሚባል ሰው የለም፣ ግራዝማች። የሠራሁት እኔ ነኝ። ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ገብረ ሚካኤል ይባላሉ፤ ቆዳ ፋቂ ናቸው።»

ግራዝማች አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ወንበሩን አዩት፣ እጃቸውን አዩት፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ደህና ዋል» ብለው ወጡ። ውጭ ሞተሩ ፊት ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የፊት እግሮቹን ትኩር ብለው ተመለከቱ። በእግራቸው ይሄዳሉ ብዬ አስቤ ነበር። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ሞተሩም አያፈስም። ገብተው ተቀመጡና፣ «ንዳ» አሉኝ።

ግራዝማችን አድርሼ ተመልሼ ሄድኩበት። አብጄ ነበር። «ምን ነካህ? ማን ጠየቀህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ሲባርኩት ሰማህ?» አለኝ። «እጁ ይባረክ ሲሉ? አባቴ በሕይወታቸው ማንም እጅዎ ይባረክ ብሏቸው አያውቅም። ሲመጣላቸው ለጁሴፔ ልስጠው?»

ጩኸቴን ትቼ ሞተሩን አስነሳሁ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። አባ ራያ፣ «ዋላሂ፣ እኔማ ቆዳ ሲመርጥ አይቼው አውቄ ነበር፤ እንዲህ ጀርባውን ለይቶ የሚያነሳ መካኒክ የት አለ?» ብለው ከማንም በፊት ሻይ ጠጡበት። ሌላው ሰው ለአንድ ወር ያህል መኪናውን ሌላ ቦታ ወሰደ። ከዚያ መኪናዎቹ ሁሉ ተበላሹና ተመለሰ። ሲኞር ማለቱንም አልተወም፤ መተው ያሳፍር ነበር፤ ያን ያህል ዓመት መታለልን ማመን ነውና። ሲኞር የሚያቀርብላቸውን ሻይ ግን አይጠጡም፤ «አሁን ነው የጠጣሁት» ይላሉ። ግራዝማችም በኋላ ሌላ መካኒክ የጎማ ቀለበት ላስገባ ሲላቸው፣ «አትንካብኝ!» ብለው ጮኹ። ለውጡ መጥቶ መሬቱም ሞተሩም እስኪወሰድ ድረስ በሲኞር ወልዴ ቆዳ ላይ ሲንሸራሸሩ ኖሩ። አስካለን አዲስ አበባ ግብር አስከፋይ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ፣ ሰባት ቤቱ ለተጣራለት ሰው ዳሯት። ሰባቱ አያቶች በእርግጥ ምንም እንከን አልነበረባቸውም፤ እንከኑ ሁሉ ለእሱ ተጠራቅሞ ቆይቶት ነው መሰለኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የእምቢታውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግራዝማች እየተመላለሱ አስጻፉኝ። «የቤተሰባችን ወግ ስለማይፈቅድ» የሚል ነው፤ አጭር ነው። እሳቸው ወጥተው እኔ በደህና ወረቀት ስገለብጠው አስካለ ገባች። ስታለቅስ ያደረች አትመስልም፤ የተቆጣች ነው የምትመስለው።

«ጋሽ ተስፋዬ፣ ከታች አንድ ቃል ጨምርልኝ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ግድ የለኝም በልልኝ። ይምጣና ይውሰደኝ። በአውቶቡስም ቢሆን፣ በጋሪም ቢሆን እሄዳለሁ።»

«አባትሽ ያባርሩኛል።»

«እሺ አትጻፈው። በቃልህ ንገረው። አንድ ቃል ነው።»

«እሺ» አልኳት። በደንብ አስታውሳለሁ፤ እሺ ብያታለሁ።

ደብዳቤውን በዚያው ሞተር ይዤ ጊንጆ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር፤ ደመወዜን፣ የምከራየውን ቤት፣ ሸዋ ያለችውን እናቴን። እናቴ ብትሰማ ለማን ነው ያማለድከው እንደምትለኝ ሁሉ አሰብኩ። ሲኞር ወልዴ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ወጥቶ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ ነው ፖስታውን የተቀበለኝ። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ አላጠፈውም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረና ፊደሎቹን በጣቱ ደባበሳቸው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። የሰው እጅ ሥራ አይቶ ዝም ማለት አይችልም ነበር።

ከዚያ በእኔ በኩል አሻግሮ ወደ መንገዱ አየ፤ ሰው የሚጠብቅ ይመስል።

«ሌላ መልእክት የለም?»

«የለም» አልኩት።